ቢረሳው ሁለት ጊዜ እውነት ተናገረ

የነጌሌ ሰው ሹፌር ቢረሳውን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያነሳው ውሸቱን ነው። ክፉ ውሸት እንዳይመስላችሁ። የማንንም እንጀራ አልዘጋም፣ ማንንም አላሳሰረም። የረዘመ መንገድ የሚያሳጥር፣ የጠበቀ ኬላ የሚያላላ ውሸት ነው። ዋደራ ጫካ ውስጥ ጭቃ የያዘበትን ላንድሮቨር ጅብ ከኋላ ገፍቶ እንዳወጣለት ሲተርክ የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ጥቂት የዋህ ደግሞ "ጅቡስ በኋላ ወዴት ሄደ?" ብሎ ይጠይቃል። "ክብረ መንግሥት ድረስ ሸኘሁት" ይላል ቢረሳው፣ ፊቱን ሳይለውጥ።

መኪናው የነጋዴው የአቶ ዓብዱሰላም ነው፤ ቢረሳው ሃያ ዓመት ግድም ነድቶታል። ፈታሽ ወታደር ግንባሩን ቋጥሮ ሲመጣ "ጓድ፣ ትናንት አለቃህ ስላንተ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?" ብሎ ይጀምርለታል። ወታደሩ ምን እንደተባለ ለመስማት ሲጓጓ ፍተሻው ይረሳል። "ሹፌር ያለ ነዳጅ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ያለ ውሸት ግን ከኬላ አያልፍም" ይላል ራሱ። ይህን ሲል ይኮራ ነበር፤ በዚያን ጊዜ።

ተወልዶ ያደገው መንዝ ነው። ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሥራ ፍለጋ ወደ ቦረና ወረደና እዚያው ቀረ። ያስቀረችው ደራርቱ ናት። አባቷ ገልገሎ ከነጌሌ ወጣ ብሎ የሚኖሩ፣ በአካባቢው ቃላቸው የሚሰማ የቦረና ሽማግሌ ናቸው። ቢረሳው ሽማግሌ ሲልክ ስለ ዘሩም ስለ ሀብቱም አልጠየቁም። "ይህ ሰው ዋሾ ነው ይባላል። ኦዱ ላይም ይዋሻል?" አሉ እንጂ።

ኦዱ ማለት ወሬ ነው፤ ጠጅ ቤት የሚወራው ዓይነት ግን አይደለም። ቦረና ከቦረና ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ መጀመሪያ ናጋ ይባባላል፤ ከብቱ ሰላም ነው፣ ልጆቹ ሰላም ናቸው ይባላል። ከዚያ ኦዱ ይጠየቃል። ዝናብ የት ጣለ፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ በሽታ የት ገባ፣ ማን ሞተ። የተጠየቀው ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። በሐሰት ኦዱ ከብቱን ነድቶ ወደ ደረቀ ውሃ የሄደ ሰው ከነከብቱ ያልቃልና፣ ከነፍሰ ገዳይ ጋር እንደማይቀመጡ ሁሉ፣ በኦዱ ከሚዋሽ ሰውም ጋር አይቀመጡም። ቢረሳው በኦዱ ላይ እንደማይዋሽ ምሎ ደራርቱን አገባ። ለጓደኞቹ ግን "እኔን ስለ ጉድጓድ ማን ይጠይቀኛል!" እያለ ይስቅ ነበር።

የመጀመሪያ ልጃቸውን ቦሩ ብለው ስም ያወጡለት አያቱ ናቸው። ቦሩ ሳምንቱን ነጌሌ ተምሮ ቅዳሜና እሑድን እሳቸው ዘንድ ያሳልፋል። የሽማግሌው ዓይን ደመና እየለበሰ ሲመጣ፣ ከዱላቸው ይልቅ የቦሩን ትከሻ መያዝ ለመዱ። ቦሩ በእናቱ ወጥቶ ነገር አይጨምርም፤ ያየውን ያየ ነው፣ ያላየውን አላየሁም ነው። አባቱ "ይህ ልጅ ሹፌር አይሆንም" እያለ ያፌዝበታል።

ሺ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አንድ መስከረም ላይ ቦሩ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል። በዚያ ዓመት ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ወጣት ማለት ለቀበሌ የተዘጋጀ ሰንጋ ማለት ነው። ከላይ ለብሔራዊ ውትድርና ኮታ ይመጣል፤ ቀበሌው ኮታውን ይሞላል፤ ከጎደለ ከገበያና ከኳስ ሜዳ ያፍሳል። ከጎረቤት ባለፈው ዙር ሁለት ወንድማማቾች ሄደው፣ የአንዱ መርዶ መጥቷል፣ የሌላው መርዶ እንኳ አልመጣም። እናታቸው አሁንም መኪና በቆመ ቁጥር ደጅ ትወጣለች። ቢረሳው ላንድሮቨሩን ከቤቱ ራቅ አድርጎ ማቆም የጀመረው ለዚህ ነው።

የቀበሌው ጸሐፊ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠጋ አለውና "የአንተም ልጅ ከዝርዝሩ ገብቷል፤ ከጥቅምት መጨረሻ በፊት ነው" ብሎት አለፈ። ቢረሳው ያን ሌሊት አልተኛም። ሲነጋ ውሸቱን ሠርቶ ጨርሶ ነበር።

እህቱ ብዙወርቅ ሀገረ ሰላም ከፍተኛው ደጋ ውስጥ ከከተማ ርቃ ትኖራለች። ከእንሰቱና ከቀርከሃው ውስጥ የገባን ሰው እንኳን ካድሬ፣ ጭጋጉም አያገኘው። ቦሩን እዚያ ማድረስ ነው። ግን የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቢረሳው ለቀበሌው ሊቀመንበር፣ አዋሳ ላይ አንድ የውጭ አገር የዓይን ሐኪም እንደመጣ፣ ያ ሐኪም የታወረ በቅሎ ሳይቀር እንዳበራ፣ የሚስቱን አባት ከነቤተሰቡ ይዞ ሊሄድ እንደሆነ ነገረው። ሊቀመንበሩ በበቅሎው ስቆ ፈረመ።

"ለአባቴስ ምን ልትል ነው?" አለችው ደራርቱ ማታ።

"እንደዚያው ነው የምለው፤ ሐኪም አለ እላለሁ።"

"አባቴን ልታታልለው?"

"ኦዱ አልጠየቁኝም። ይህ ጉዞ ነው።"

ደራርቱ "ልጄን አድርስልኝ እንጂ እንዳሻህ አድርግ" አለች።

ጥቅምት በገባ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተነሱ። ሽማግሌ ከኋላ ተጭኖ መሄዱ ነውር ነውና አባባ ገልገሎ ጋቢና ተቀመጡ። ደራርቱ፣ ቦሩና የአሥር ዓመቷ የሺ ከኋላ ሆኑ። ቦሩ በአያቱ ጀርባ በኩል ተቀምጦ አገጩን መደገፊያው ላይ አሳረፈ።

"እንግዲህ አንተ ዓይኔ ነህ፤ ሐኪሙ የኔን እስኪሰጠኝ የምታየውን ንገረኝ" አሉት።

ቦሩም ነገራቸው። ቀዩን አፈር፣ ቅጠሉ የረገፈ ግራሩን፣ ከሰው የሚበልጠውን ኩይሳ። ዋደራ ሲደርሱ ጥዱ ግራና ቀኝ ቆመ፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል የሺ ጮኸች። ክብረ መንግሥት ሻይ በዳቦ በሉና ጉዞ ቀጠሉ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ያዘ። ቢረሳው ማርሹን እየቀነሰ መኪናውን ያባብለዋል። አየሩ ቀዘቀዘ፣ ጆሮ ተደፈነ። የሺ "ጆሮዬ ጠፋ!" ስትል ሁሉም ሳቁ። ከዚያ አንዱን ጠመዝማዛ ሲዞሩ ደጋው ብቅ አለ።

በቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው ያን አረንጓዴ መጀመሪያ ሲያይ የሚለው ያጣል። ገብሱ ዛላ ይዟል። እንሰቱ ቤቶቹን ከቦ ጣሪያቸውን ብቻ አስቀርቷል። ቀርከሃው ጋራውን ሞልቶ ንፋስ ሲመጣ አብሮ ያጎነብሳል፤ ጋቢ የደረቡ ፈረሰኞች ከጭጋጉ ውስጥ ይወጡና መልሰው ይገባሉ። ደራርቱ እንኳ ያን ሁሉ ፍርሃት በሆዷ ይዛ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

"ምን ይታይሃል?" አሉ አባባ ገልገሎ።

"ከብት፣ አካኮ" አለ ቦሩ፤ አያቱን የሚጠራው እንዲህ ነው። "ከብታቸው ትናንሽ ነው። ሣሩ ግን እስከ ጉልበታቸው ይደርሳል።"

"እስከ ጉልበት? ጠባቂውስ?"

"ጠባቂ የለውም። አጥርም የለውም። ዝም ብሎ በቅሏል።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንዲህ ያለ ሣር ያለው ሰው ሲጸልይ ዋቃን ምን ብሎ ይለምነው ይሆን?"

"ፀሐይ ነዋ" አለ ቢረሳው ከመሪው ሳይዞር። "እዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ቀን ነው የምትወጣው። ሰዎቹ እንስራ ይዘው ይወጡና ቀድተው ያስቀምጧታል።"

የሺ አመነች። ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ጋራ ባዩ ቁጥር ቦሩ እውነቱን ይናገራል፣ አባቱ ውሸቱን ይጨምርበታል፣ ሽማግሌው ይፈርዳሉ። ያ ቤተሰብ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። ቢረሳው በኋላ ሲያስበው የሚያቃጥለው ይሄ ነው፤ ልጁን ሊሰጥ እየሄደ ሳለ ደስ ብሎት ነበር።

ቦሬን አልፈው፣ ገደሉ እስከ ታች ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ላይ ለምሳ አቆሙ። ዳቦ፣ ቆሎና በጮጮ የመጣ ወተት ነበር። አባባ ገልገሎ ሳይበሉ ተንበርክከው መሬቱን ዳሰሱ፤ አንድ እፍኝ ሣር ነቅለው አሸተቱት፣ ቀምሰውም አዩት። ከኩታቸው ጫፍ ቋጠሩት።

"ቢረሳው፣ ስንመለስ እዚሁ ቦታ አቁመኝ" አሉ። "ያን ጊዜ ዓይኔ በርቷል። ቦሩ የነገረኝን ራሴ አይቼ እመረምረዋለሁ፤ በአባቱ ወጥቶ እንደሆነም አገኘዋለሁ።" ሳቁና የልጁን ትከሻ ፈልገው ያዙ። "ከዚያ በኋላ አንተ አትመራኝም፤ ጎን ለጎን ነው የምንሄደው።"

ቢረሳው ዳቦውን አስቀመጠ። በሃያ ዓመት ውስጥ ለወታደር ዋሽቷል፣ ለነጋዴ ዋሽቷል፣ ለሚስቱም ትንሽ ትንሽ ዋሽቷል፤ አፍሮ አያውቅም። አሁን አፈረ። ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዞ ከመኪናው ራቅ አደረጋቸው።

"አባባ፣ ሐኪም የለም።"

"ምን አልክ?"

"የዓይን ሐኪም የሚባል አልመጣም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ቦሩን ለጦርነት ሊወስዱብን ከዝርዝር አስገብተውታል። እህቴ ዘንድ ልንሸሽገው ነው። እርስዎን የያዝነው ለወረቀቱ ነው። ስንመለስ ቦሩ አብሮን አይኖርም።"

ሽማግሌው ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሹ፣ አቧራ እንደገባበት ሰው።

"የለም? ጭራሽ?"

"የለም።"

"እንግዲያስ ይቅር። ለቦሩ ከሆነ ይቅር። ለእኔስ ዓይን ምን ያደርግልኛል፤ ማየት ያለብኝን አይቻለሁ።" ቀጥለውም የቢረሳውን እጅ ጨበጡ። "ቀድመህ ብትነግረኝ ጥሩ ነበር። ግን ነገርከኝ። ዛሬ ዋሾ አይደለህም።"

"ለመንግሥት ሰው ግን ትንፍሽ እንዳይሉ፣ አባባ።"

"እኔ ከመንግሥት ጋር ምን ወሬ አለኝ!"

ቢረሳው ከባድ ጆንያ ከጀርባው እንዳወረደ ሰው ቀለል አለው። ለደራርቱ ሲነግራት ግን ፊቷ አመድ መሰለ። "ለምን ነገርከው? ዝም አይነቅዝ! እዚያ ስንደርስ እኔ እነግረው አልነበረም?"

"እንዴት ዝም እላለሁ? ዓይኔ ይበራል እያሉ ሣር ሲቋጥሩ!"

"አንተ አባቴን አታውቀውም" አለች። ሃያ ዓመት አውቃቸዋለሁ ብሎ ተቆጣት። ሳይነጋገሩ መኪናው ውስጥ ገቡ።

ሀገረ ሰላም ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀራቸው፣ ቢረሳው በማያውቀው ቦታ መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሮ አገኘ። ድንኳን ተተክሏል፣ ሁለት ጭነት መኪና ቆሟል። ከኋለኛው መኪና ላይ የወጣቶች ራስ ይታያል። አዲስ ኬላ ነው።

"ማንም እንዳይወርድ" አለና ወረቀቱን ይዞ ወደ ድንኳኑ ሄደ። ውስጥ ያለው አስር አለቃ ወፍራም፣ የደከመው ሰው ነው። ቢረሳው ስለታወረችው በቅሎ ጀመረለት። ሰውየው መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ በቅሎዋ ዓይኗ ሲበራ ባለቤቷን አይታ "አንተ ነህ እንዴ!" ብላ እንደሸሸች ሲሰማ ከልቡ ሳቀ። ማኅተሙን አነሳ፣ ተነፈሰበት፣ ወረቀቱ ላይ መታው። አለቀ ማለት ነው። ቢረሳው በልቡ ለአቡዬ ስለት ገባ።

ውጭ ዲዳ የሚባል ወጣት ሚሊሺያ ቆሟል። ከቦረና፣ የአሬሮ አገር ልጅ ነው። ወደዚያ ብርድ ከመጣ አምስት ወሩ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ የቦረና ሰው አላየም። ጋቢና ውስጥ ራሳቸውን የጠመጠሙ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል ያቆሙ ሽማግሌ ሲያይ አባቱን ያየ መሰለው። ተንኮል አልነበረበትም። ናፍቆት ነው ያስጠጋው።

"አካም፣ አባ? ናጋ?" አለ በመስኮቱ።

የአባባ ገልገሎ ፊት በራ። "ናጋ! አንተስ ናጋ? ከብቱ ናጋ? ልጆቹስ?"

"ናጋ፣ አባ። ኦዱ?"

ሽማግሌው ቆቡንም ጠመንጃውንም አላዩም። የሰሙት የአገራቸውን ልጅ ድምፅ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደራርቱ ከኋላ "አባ!" ብላ ትከሻቸውን ነካች፤ ኦዱ የሚናገር ሰው አይቋረጥምና እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟት።

"ኦዱማ ናጋ ነው" አሉ በኦሮምኛ። "የዘንድሮው የሀጋያ ዝናብ ገና አልጣለም፤ ደመና ካየን ዘጠኝ ቀን ሆነን። የጉድጓዱ ውሃ ወደ ታች ሸሽቷል፤ ለመቅዳት አምስት ሰው ተደራርቦ መቆም ግድ ሆኗል። የዋደራ ሣር አልቋል። የዚህ አገር ሣር ግን እስከ ጉልበት ነው፤ እኔ አላየሁትም፣ የልጄ ልጅ አይቶ ነግሮኛል። ነጌሌ ላይ መንግሥት ልጆችን ለጦር እየሰበሰበ ነው። የልጄን ልጅ ስሙን ጽፈውታል። አክስቱ ዘንድ ልንሸሽገው ይዘነው እየሄድን ነው። ለዓይን ሐኪም የሚለው ወረቀት ለኬላው ነው እንጂ ሐኪም የለም። ኦዱዬ ይኸው ነው።"

ዲዳ ዞር ሲል አስር አለቃው ከቢረሳው ጋር ድንኳኑ በር ላይ ቆሟል። አስር አለቃው እጁን የቢረሳው ደረት ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳምጧል።

"ስለ ዝናብ ነው የሚያወሩት፣ ጓድ" አለ ዲዳ በተሰበረ አማርኛ።

"እኔም ነጌሌ አራት ዓመት ነበርኩ" አለ አስር አለቃው።

ቢረሳው ውሸት ፈለገ። ዕድሜ ልኩን ሳይጠራት የምትመጣለት ውሸት ያን ቀን ጠርቷት ቀረች። "አርጅተዋል... ይቃዣሉ" አለ በመጨረሻ።

"የሚቃዥ ሰው ደመና ካየ ስንት ቀን እንደሆነው አይቆጥርም።" አስር አለቃው አሁን አይስቅም፤ ደስም አላለውም። "አንተንም ማሰር ነበረብኝ። ልጁ ይበቃኛል። ሽማግሌውን ይዘህ ተመለስ።"

ቦሩ እስኪጎትቱት አልጠበቀም። ራሱ ወረደ። እናቱን አቀፋት፣ የየሺን ፀጉር ዳበሰ፣ አባቱንም በቆመበት ሄዶ ሳመው። ከዚያ ወደ ጋቢናው መጣና የአያቱን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

"ምንድን ነው፣ ቦሩ? ደረስን?"

ያላየውን አይቻለሁ ብሎ የማያውቀው ልጅ "ደረስን፣ አካኮ" አለ። "አክስቴ መጥታለች። እኔ እዚህ እወርዳለሁ።"

"ቤቱ ጥሩ ነው?"

"ጥሩ ነው። ከደጁ ሣር አለው።"

መረቁት። ቦሩ ወደ ጭነት መኪናው ሄደ፤ ዲዳ ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላው ተከተለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሲመለሱ ያ ሁሉ ደጋ በዚያው ቦታ ነበር፤ ያየው ሰው ግን የለም። አባባ ገልገሎ ደራርቱ ለምን እንደምታለቅስ አንድ ጊዜ ጠየቁ፤ "ልጇን ሸኝታ ነዋ" አለ ቢረሳው። ከዚያ በኋላ አልጠየቁም።

ቤት ሲደርሱ ደራርቱ ባሏን ጓዳ አስገብታ በሩን ዘጋች። "በአፉ ልጄን አሳልፎ እንደሰጠ ካወቀ አባቴ አንድ ቀን አያድርም። እውነትህን ተናግረህ አየነው። ከእንግዲህ ዋሽ። እግዜር ይህን ምላስ የሰጠህ ለዚህ ይሁን።"

ቢረሳው ዋሸ። በየሳምንቱ ሽማግሌውን ሊጠይቅ ሲሄድ "የቦሩ ኦዱ?" ይሉታል። እሱም፣ በኦዱ ላይ አልዋሽም ብሎ የማለው ሰው፣ ይነግራቸዋል። ቦሩ እንሰት መፋቅ ለመደ። ቦሩ ፈረስ ጋልቦ ወደቀ፣ ክንዱን ትንሽ አመመው፣ አሁን ድኗል። ቦሩ ለብርዱ የሱፍ ሹራብ ተሠራለት። ከቦሩ በእውነት የመጣው ከማሠልጠኛ የተላከ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ደራርቱ ደረቷ ውስጥ ይዛው ወረቀቱ ከላብ ብዛት ተቀደደ። ሌላ ቦታ ቢረሳው መዋሸት አቆመ። ኬላ ላይ ዝም ብሎ ወረቀት ይሰጣል። ሰዎች ጅቡን እንዲተርክላቸው ሲጠይቁት "የት አየሁ ጅብ" ይላል።

አባባ ገልገሎም ተለወጡ። መንገደኛ ደጃቸው ደርሶ ኦዱ ሲጠይቃቸው "እኔ ኦዱ የለኝም፣ ሌላ ሰው ጠይቅ" ይላሉ። ኦዱ የለኝም የሚል ቦረና ማን ሰምቶ ያውቃል! ሰው ግን እርጅና ነው አለና ተወው።

ሰማንያ ሦስት ግንቦት ላይ መንግሥት ወደቀ። ወታደሩ ጠመንጃውን እየጣለ በነጌሌ በኩል አለፈ፤ እግሩ ያበጠ፣ ውሃ የሚለምን። ሰኔ ውስጥ ዱባ የሚባል የሰፈር ልጅ በእግሩ መጣ። ቢረሳውን ገበያ ላይ አገኘውና ከአጥር ሥር አስቀመጠው። ከቦሩ ጋር አንድ ማሠልጠኛ፣ አንድ ሻምበል ነበሩ። ቦሩ ባለፈው ዓመት ሰሜን ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ውሃ ሊቀዳ ወርዶ በጥይት ተመታ። ዱባ ራሱ ቀበረው። ቢረሳው ጨርሶ ሰምቶ ተነሳና ወደ ደራርቱ ሄደ። እዚያ ቤት የሆነውን አልተርክም፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ይህን ማንም ያውቀዋል።

በአራተኛው ቀን ደራርቱ "ለአባቴ እንዳትነግረው" አለችው። ቢረሳው ሄደ። ሽማግሌው ግራሩ ሥር ተቀምጠዋል።

"ናጋ፣ አባባ?"

"ናጋ። የቦሩ ኦዱ?"

በመንገድ ላይ አዘጋጅቶት ነበር። "ቦሩ አግብቷል፣ አባባ። የሲዳማ ልጅ ናት። ወንድ ልጅም ወልዷል።" ድምፁን አጠነከረ። "ገልገሎ ብሎ ስም አወጣለት።"

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቱን ፈለጉ፣ አገኙት።

"ዛሬ አልሆነልህም፣ ቢረሳው" አሉ።

ቢረሳው እጁን በእጃቸው ላይ ጫነ።

"ያን ቀን ቦሩ እጄን ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አክስቱ ቤት የደረሰ ልጅ አይንቀጠቀጥም። የዚያ የአሬሮ ልጅ ጠመንጃም የመኪናውን በር ሲነካው ሰምቻለሁ። ዘግይቼ ሰማሁ። ተናግሬ ጨርሼ ነበር።"

"ካወቁት ታዲያ ለምን በየሳምንቱ ጠየቁኝ?"

"እየዋሸህልኝ ከሆነ ልጁ በሕይወት አለ ማለት ነዋ። የቦሩን ሞት የሰማህ ቀን መዋሸት እንደሚያቅትህ አውቄ ነበር። በየሳምንቱ ድምፅህን ነበር የምሰማው፤ የምትለውን አልነበረም።" እጃቸውን ከጉልበቱ አላነሱም። "በል አሁን ኦዱን ንገረኝ። እንደ ወጉ። ሳትጨምር ሳትቀንስ።"

ቢረሳው ጉሮሮውን ጠረገ። "ኦዱ ናጋ ነው" ብሎ ጀመረ፣ ወጉ እንደዚያ ነውና። "የዘንድሮው ዝናብ በሊበን በኩል ጥሩ ጥሏል። በዋደራ በኩል አልፎ አልፎ ነው። ወታደሩ ተበትኗል፤ ውሃ ለሚለምን ሰው ሁሉ ይሰጠዋል። ዱባ ከሰሜን በእግሩ ገብቷል። ቦሩ ሞቷል፣ አባባ። ባለፈው ዓመት ነው። ውሃ ሊቀዳ ወርዶ ተመታ። አልቆየም። የቀበረው ዱባ ነው።"

ሽማግሌው ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁ።

"የተቀበረበት ቦታ ሣር አለው?"

ቢረሳው አዎን ለማለት አፉን ከፈተ። እስከ ጉልበት ነው ለማለት ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር።

"የለውም፣ አባባ" አለ። "ድንጋይ ነው።"